ጌቲስበርግ፦ ተራው ወታደር ለምን አልሸሸም?

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) በ270 አውራ ጎዳና እስከ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ሲነዳ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜንና የደቡብ ሠራዊቶች የተዋጉባት የፔንስልቬንያዋ ጌቲስበርግ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሜዳውን ማየት በነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለሙዚየሙ ነው። የጄኔራሎቹን ሐውልቶች አልፌ የሄድኩት ተራው ወታደር ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 (እ.ኤ.አ.) የቆመበትን መሬት ለማየት ነው።

መጀመሪያ የቆምኩት በሴሚናሪ ሪጅ፣ ከደቡብ ወገን በተዋጋችው በሰሜን ካሮላይና ሐውልት ፊት ነው። የነሐስ ወታደሮቹ ተጣብቀው ወደ ፊት ያዘነብላሉ፤ ጢማሙ ነባር ወታደር ለወጣቱ በጆሮው አንድ ነገር ይለዋል። ቀራፂው ነገሩ ገብቶታል። ሬጅመንት 10 ሻምበል ነበረው፤ ሻምበል 100 ሰው ገደማ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አካባቢ ይመለመላል። ጎንህ የቆመው የጎረቤትህ ልጅ ወይም ወንድምህ ነው። ብትሸሽ ወሬህ በደብዳቤ ቀድሞህ አገር ቤት ይገባል። ወታደሮቹ ስለ ኅብረቱ (ስለ አገሪቱ አንድነት) እና ስለ ባርነት ብዙ ጽፈዋል፤ ያ ለዘመቻ አስነሥቷቸዋል። ጥይት በሚዘንብበት ሰዓት ያቆማቸው ግን እኛ ይሉኝታ የምንለው ነው።

አሰላለፉም ለዚሁ የተመቸ ነበር፦ ሁለት ረድፍ፣ ክርን ከክርን ተነካክቶ፣ በረድፎቹ መካከል 33 ሳንቲሜትር ገደማ። የባሩድ ጭስ ዓይን ሲጋርድ ጓድ መኖሩ የሚታወቀው በክርን ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ጠመንጃዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ። የጥይቱን ወረቀት በጥርስ ቀዶ፣ ባሩዱን በአፈሙዙ አፍስሶ፣ እርሳሱን በዘንግ ጠቅጥቆ፣ በመጨረሻ ትንሿን የመዳብ ቆብ ከመምቻው ሥር ማልበስ ነው። የሠለጠነ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይተኩሳል። ከውጊያው በኋላ ከተለቀሙት 27,000 ያህል ጠመንጃዎች 24,000 ያህሉ እንደጎረሱ ተገኙ፤ ከእነዚህ ግማሹ ሁለት፣ 6,000 ያህሉ ከ3 እስከ 10 ጥይት ደራርበው። ቆቧን የረሳ ሰው በዚያ ጩኸት መሃል አለመተኮሱን ሳያውቅ ደግሞ ያጎርሳል። ፍርሃቱ ግልጽ ነው። እኔን ያስደነቀኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ መሣሪያው ሳይሠራለት እንኳ ከሰልፉ አለመውጣቱ ነው።

ከሜዳው ማዶ የሰሜኑ የአንደኛው ሚኒሶታ ሬጅመንት ሐውልት አለ። ጁላይ 2 አመሻሽ ላይ 262 ሰዎች ሳንጃ ሰክተው በደቡብ ሠራዊት የአላባማ ብርጌድ ላይ ሮጡ፤ 215ቱ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ባንዲራው አምስት ጊዜ ወድቆ አምስት ጊዜ ተነሣ። ያነሣው ሁሉ ቀጣዩ ዒላማ እሱ መሆኑን ያውቃል።

የሰሜኑ ተራ ወታደር ደመወዝ በወር 13 ዶላር፣ ያውም ለወራት እየዘገየ። የሦስት ዓመት ውላቸው በ1864 ለሚያበቃባቸው ነባሮች መንግሥት 400 ዶላርና የ30 ቀን ፈቃድ አቀረበ። ብልኃቱ ያለው በሌላው ቃል ነው፦ ሦስት አራተኛው ከፈረመ ሬጅመንቱ ስሙንና ባንዲራውን ይዞ ይቀጥላል። ከ130,000 በላይ ፈረሙ።

በደቡብ ሠራዊት በኩል በ1864–65 ክረምት ነገሩ ተገለበጠ። ስለ ልጆች ረሃብ የሚናገር የሚስት ደብዳቤ ሲደርስ የአንድ አገር ልጆች ተጠራርተው፣ አንዳንዴም ከነጠመንጃቸው፣ ሌሊት ወደ ቤት ሄዱ።

መጨረሻ ላይ መካነ መቃብሩ ገባሁ። ከ3,500 በላይ የሰሜን ወታደሮች ያለ ማዕረግ ልዩነት በየግዛታቸው በግማሽ ክብ ተቀብረዋል፤ 979ኙ ስም የላቸውም። በሚኒሶታ ረድፍ ከሞት የተረፉት ጓዶቻቸው በ1867 ያኖሩት የእምነበረድ ማስቀመጫ ቆሟል።