የጥር ሰርግ በአንኮበር መንገድ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የሰርግ ፎቶ ለማንሣት የወጣን እኔና ረዳቴ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን በጨለማ አልፈን ጎህ ሲቀድ ከተማዋ ለመግባት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሣን። ከዚያ የአንኮበርን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደሄድን ዋናውን መንገድ ለቀቅን። መኪናው አንድ የገብስ አውድማ ዳር ቆመ፤ ቀሪው ግማሽ ሰዓት የእግር ነው። የሙሽሪት ወንድም አህያ ይዞ ጠበቀን። የመብራት ማቆሚያና ውኃ ለአህያ ይሰጣል፤ የካሜራ ቦርሳ ግን ከጀርባ አይወርድም፣ አህያ አጥር ባየች ቁጥር በጭነቷ ትታከካለችና።

ዕለቱ ከቃና ዘገሊላ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው። የገጠር ሰርግ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባሉት ሳምንታት ይጨናነቃል። ፋሲካ ቀደም በሚልበት ዓመት ሳምንታቱ ስለሚያጥሩ በአንድ እሑድ ለሦስት ሰርግ መጠራት አለ። ቀብድ ከመቀበሌ በፊት የሙሽሪትን ዕድሜ እጠይቃለሁ። ሕጉ 18 ይላል። መልሱ «ደርሳለች» ብቻ ከሆነ ሥራውን አልወስድም።

ቦርሳው ውስጥ ሁለት ካሜራ አለ፤ አንዱ ላይ ለቅርብ የሚሆን 24–70፣ ሌላው ላይ ሩቁን የሚያቀርብ 70–200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀኑን ሙሉ እንደታሰረ ይውላል። በበጋ አቧራ ሜዳ ላይ ሌንስ መቀየር ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ) ላይ ነጠብጣብ መዝራት ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ የሚያገለግል፣ ሰፊ የብርሃን ቀዳዳ (ኤፍ 1.8) ያለው 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሁለት ፍላሽ፣ 6 የካሜራ ባትሪ፣ ለፍላሾቹ 16 ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ባትሪ፣ አራት ባለ 64 ጊጋ ካርድ፣ አቧራ መንፊያ ጎማ፣ ደግሞም 5 ሜትር አቡጀዲ። የአቡጀዲው ነገር ይመጣል። ድሮን አልያዝኩም፤ ፈቃዱ አንድ ነገር ነው፣ የበቅሎ መደንበር ሌላ።

ጠዋት ሜዳው ውርጭ ለብሷል። ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ ትርፎቹ ከጃኬት ውስጥ፣ ከደረት ጋር ይቀመጣሉ። የባሰው ችግር ግን በሩ ላይ ይጠብቃል። በብርድ ያደረ ካሜራ ወጥ ወደሚንተከተክበት ማድ ቤት ሲገባ ሌንሱ በጉም ይሸፈናል። በነጠላ ጫፍ ቢጠርጉት አቧራው ብርጭቆውን ይጭረዋል፣ ጉሙም ይመለሳል። መፍትሔው ቦርሳውን እንደተዘጋ ቤት ውስጥ አስቀምጦ 15 ደቂቃ መታገሥ ነው። እኔ በዚያ 15 ደቂቃ የቀኑን ቅደም ተከተል ከዋናው አሳላፊ አጣራለሁ፦ ሰርገኛው በየት በኩል ይመጣል፣ ማን በር ይይዛል፣ የማን ጉልበት ቀድሞ ይሳማል፣ በቅሎዋ የት ትቆማለች። የገጠር ሰርግ ላይ «እስቲ እንደገና» የሚባል ነገር የለም። ቀድሞ ቦታ ያልያዘ ፎቶ አንሺ የሰው ጀርባ ይዞ ይመለሳል።

ዳሱ ቅዳሜ ተሠርቷል፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከላይ ግማሹ ሰማያዊ ሸራ፣ ግማሹ ቢጫ ላስቲክ። ከዚህ በታች የተቀመጠ ሰው ግማሽ ፊቱ እንደታመመ ሰማያዊ፣ ግማሹ እንደ እርድ ቢጫ ይሆናል። አንዱን ቀለም ቢያስተካክሉ ሌላው ስለሚበላሽ በኮምፒውተርም በቀላሉ አይስተካከልም። ስለዚህ ሰው ሳይሞላ በፊት ዳስ ሠሪዎቹን ለምኜ ከሙሽሮቹ መቀመጫ በላይ ያለውን ሸራ ሁለት ክንድ ያህል አስነሣሁና አቡጀዲውን በምትኩ ወጠርነው። የቀትር ፀሐይ በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ለስላሳ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ ፍላሽ ወደ ላይ ሲተኮስም ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ጎጆ ቤት ውስጥ ግን ፍላሽን ወደ ጣራ ማዞር ከንቱ ነው። የዘመናት ጥላሸት ብርሃኑን ይውጠዋል። እዚያ ረዳቱ ፍላሹን በክንድ ርቀት ወደ ጎን ይይዛል፣ አለዚያ ነጭ ነጠላ ተዘርግቶ ከእሱ ላይ ይነጥራል። ጭስ ባለበት ደግሞ ፍላሹን ማጥፋት ይሻላል፤ ፊት ለፊት የበራ ጭስ ሥዕሉን ያነጣዋል፣ ከመስኮት በጎን የመጣ ብርሃን ግን ያንኑ ጭስ ያስውበዋል።

ነጭ ልብስ ካሜራን ያታልላል። በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ የተሞላ ሥዕል ሲያጋጥመው ካሜራው በራሱ ፈቃድ ያጨልማል፣ የሰዎቹ ፊት ይጠፋል። የብርሃኑን ልክ ፊትን ተከትሎ በእጅ መወሰንና የነጠላው ጥለት መነበቡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዳሱ ውስጥ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600፣ ኤፍ 2.8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሴኮንድ ይዤ ዋልኩ። ውጭ በቀትር ፀሐዩ ከግንባር በላይ ስለሚሆን የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፤ ፍላሹን አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ዝቅ አድርጎ መሙላት ይበቃል። ሻተሩ ፍላሹ ከሚችለው፣ በብዙ ካሜራ ከ1/200 ወይም ከ1/250፣ ካለፈ ግን የሥዕሉ አንድ ወገን በጥቁር መስመር ይቆረጣል።

ሰርገኛው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። አፈር በትኜ ነፋሱን ስላየሁ አቧራው ወደማይሄድበት ወገን፣ ከፍ ካለው ዳር 20 እርምጃ ርቄ ቆምኩ። ለሚሮጥ በቅሎ ሻተር 1/1000 ነው። ከበቅሎ ኋላ መቆም የለም። ከዚያ ሮጦ በሩ ላይ መገኘት ያስፈልጋል፤ የሙሽሪት ወገን «አናስገባም» ብሎ በሩን ሲይዝ ግፊያው ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ከውስጥ፣ ከበር ያዦቹ ትከሻ መሃል ወደ ውጭ ማንሣት ከውጭ ሆኖ ጀርባ ከማንሣት ይበልጣል።

ምሳ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ቀሳውስትና ሽማግሌዎች ይቀድማሉ፣ ሲያኝክ የተነሣ ሰው ፎቶውን አይወድም። ጉርሻ ግን እምቢ አይባልም፤ ካሜራው በግራ እጅ፣ እጅ ሳይታጠቡም ወደ ሌንሱ መመለስ የለም። ቅቤ ከአቧራ ይብሳል።

ለምርቃቱ ሁለቱን የወላጆች ወንበሮች ቀድሜ ወደ በሩ አስዞርኩ፤ «እማማ፣ ነጠላዎን ከግንባርዎ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» ከማለት በቀር የተናገርኩት የለም። ጉልበት መሳም በጣም አጭር ነገር ነው። ሙሽራው ጎንበስ ሲል አባት «ተው፣ ይበቃል» ብለው ከንፈሩ ሳይደርስ ያነሡታል። ስለዚህ ትኩረቱን ጉልበቱ ላይ ሳይሆን የአባትየው እጆች ላይ አድርጌ፣ በጉልበት ከፍታ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስልክ የያዙ ዘመዶች ከላይ ስለሚቆሙ ታች ያለው ሰው አይጋረድም።

ከባዱ የሙሽሪት መውጣት ነው። አንደኛ ሚዜው አዝሏት በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብሎ ይወጣና በቅሎዋ ላይ ያስቀምጣታል፤ ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አይሞላም። በሩ ውስጥ ጨለማ፣ ደጁ የጠራ ፀሐይ። አውቶማቲክ ካሜራ ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ነጩ ካባም ይቃጠላል። የደጁን ብርሃን ልክ ቀድሞ በእጅ መቆለፍ ነው፤ ከበሩ 3 ሜትር፣ ትንሽ በጎን። የሙሽሪት ፊት የተሸፈነ ስለሆነ ሥዕሉ የሚዜው ፊትና አንገቱን የያዙት የእሷ ጣቶች ናቸው። እናቷ ከኋላ ያለቅሳሉ፤ ሁለተኛው ካሜራ ለዚያ ነው።

ማታ በሙሽራው ቤት ጄኔሬተር ተነሣ። አምፖሎቹ ስለሚርገበገቡ ሻተሩ ከ1/100 ሲያልፍ ሥዕሉ ላይ ጥላ መስመሮች ይመጣሉ፤ እስክስታን በ1/50 ከፍላሽ ጋር አነሣሁ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ይቆማል። ቻርጀር ጄኔሬተሩ ላይ አልሰካሁም። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ቻርጀር ያቃጥላል፤ የመኪናው ባትሪ ይሻላል።

ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ያደሩት አዛውንት ከድንጋይ ቤቱ ጥላ ስር አንድ በአንድ ተቀመጡልኝ። «ልጄ፣ ለብቻዬ አንሣኝ» ይላሉ። ለምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ በለቅሶ ቀን ተልቆ የሚወጣው ያ ፎቶ ነው። ስለዚህ ፎቶው በቁመት ይነሣል፣ በትከሻ ግራና ቀኝ ትርፍ ቦታ ይተዋል፣ ከኋላ ድንጋይ ብቻ። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ሲተልቅ እንዳይፈርስ አይኤስኦው ከ400 አይበልጥም። ባርኔጣ የለበሱት እንዲያወልቁ አልጠየቅኩም፤ እንዲያ ነው የሚታወቁት።