አንቱ የተባለች ልጅ

ጎንደር፣ ሁዳዴ በገባ ሰሞን

አማርኛ አስተምራለሁ። ተውላጠ ስም ላይ ስደርስ በየዓመቱ ያንኑ ሠንጠረዥ ሰሌዳው ላይ እሠራለሁ፦ እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እሱ፣ እሷ፣ እሳቸው፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ። ከአሥሩ ጾታ የሚለዩት አራቱ ብቻ ናቸው። ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። በዚህ ሠንጠረዥ የተነሣ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እንቅልፍ ያጡት አክስቴ ናቸው፣ ከወደ ቁስቋም የሚኖሩት። ልጃቸው ውጭ አገር ከሄደች ቆየች። ስትሄድ ወንድ ልጅ ተብላ ነው የተሸኘችው፤ አምና ሴት መሆኗን ነገረቻቸው። ዘመዱ ሁሉ «ሴት ሆነ አሉ» ይላል። እሷ ግን «ሆንኩ» አትልም። «ድሮም ነበርኩ፣ አሁን ነገርኳችሁ እንጂ» ነው የምትለው። ስሟንም ያለችበትንም አገር አልጽፍም። ጎንደር ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፣ ወሬ ደግሞ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ሰላምታ ነው።

የእኛ አገር ሰው ስልክ አንሥቶ ወዲያው ወደ ጉዳዩ አይገባም። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ እንዴት ከረምህ፣ ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ብርዱ እንዴት አደረገህ። ገና ምንም ሳይወራ «ህ» ስንት ጊዜ ተባለች? ለሴት ሲሆን ሁሉም «ሽ» ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፊቱ ያለውን ሰው «ዩ» ብሎ ይገላገላል፤ «ሂ» ነው «ሺ» የሚለው ጭንቅ የሚመጣበት ሰውየው ዞር ካለ በኋላ ለሌላ ሲያወራ ነው። ኦሮምኛም «አቲ» ሲል ወንድና ሴት አይለይም፤ ልዩነቱ «ኢኒ» እና «ኢሼን» ላይ ነው የሚመጣው። አማርኛ ግን ፊት ለፊት ነው የሚይዘን። «ቡና ጠጣ» ወይም «ቡና ጠጪ» ሳይሉ እንግዳ ማስተናገድ አይቻልም። ፈረንጆቹ ስለ ተውላጠ ስም ሲከራከሩ በቴሌቪዥን ስናይ የሩቅ አገር ቅብጠት ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ከእነሱ ይልቅ እኛ አፍ ላይ ነው የሚብሰው።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እስካሁን ከጻፍኋቸው ግሦች ወንድ ልሁን ሴት ልታውቁ አትችሉም። አስተምራለሁ፣ እሠራለሁ፣ አልጽፍም፤ አንዳቸውም ጾታ የላቸውም። በአማርኛ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ማንም አይጠይቀውም፤ ጾታ የሚሰጠው ሌላው ሲጠራው ነው። የአክስቴ ልጅም ይህንኑ ነግራኛለች። ልጅ ሳለች ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ምንም አይቆረቁራትም ነበር፣ ገጹ ሁሉ «እኔ» ነበረና። ደብተሩን ዘግታ ወደ ሰፈር ስትወጣ «አንተ!» ይላታል አንዱ።

አክስቴ መጀመሪያ ዝም አሉ። ስልክ ሲመጣ ለእኔ እያቀበሉ «አንተ አናግራት... አናግረው... ኧረ እስቲ ያዝ!» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ዘዴ አገኙ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቷል፣ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ረከቦቱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉና «እንዴት ከረሙ? ደህና ነዎት? ብርዱስ እንዴት አደረገዎ?» አሉ። ለገዛ ልጃቸው! እዚያ ማዶ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሳቅ መጣ፣ ለቅሶም ያለበት የሚመስል፦ «እማዬ፣ ቄስ ሆንኩ እንዴ?»

አክስቴም ሳቁ። ብልሃታቸው ግን ቀላል አይደለም። ሰዋስው ተምረው የማያውቁ ሴት፣ ጾታ የሌለበትን ቦታ ማንም ሳያሳያቸው አገኙት። አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም፤ ግሡም የብዙ ነው፦ አባ መጡ፣ አባ ተቀመጡ፣ አባ ባረኩን። አባ ግን አንድ ሰው ናቸው። ወንድም ሴትም አይደለሁም የሚል ሰው በእንግሊዝኛ «ዜይ» በሉኝ ሲል እኛ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «አንድን ሰው እንዴት እነሱ ይሉታል» ተብሎ ይሳቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ አንድ አንጋፋ መምህር ብቅ ሲሉ «ኧረ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ይባላል። ያንን «ዜይ» ሜሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት በ2019 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። ስዊድኖች ደግሞ «ሄን» የምትል ገለልተኛ ተውላጠ ስም በ2015 በአካዳሚያቸው የቃላት መዝገብ ውስጥ አስገብተዋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኛ ግን ከጥንት አለን፣ ለሽማግሌና ለካህን አስቀምጠነው ነው እንጂ።

ችግሩ የአክስቴ ልጅ ገለልተኛ ቃል አልጠየቀችም። ሴት ነኝ ነው ያለችው፤ የምትፈልገውም «አንቺ»ን ነው። እናት ልጇን አንቱ ስትላት አክብሮቱ ባይካድም ያርቃታል። አንድ ማታ ስንጻጻፍ «ከፈለግህ ስደበኝ፤ ግን በ‹ሽ› ስደበኝ» አለችኝ።

ስለ ቃላቱ ትንሽ ልጻፍ፤ ዘመድ ሲሰበሰብ ሁሉም የሚደባለቀው እዚያ ላይ ነው። ወንዳወንድ እንላለን፣ ሴታሴት እንላለን። እነዚህ ስለ አኳኋን ናቸው፣ ስለ አረማመድና ስለ ድምፅ፣ ኳስ ስለምትወድ ልጅ። ወንዳወንድ የተባለች ሴት ሴት ናት፣ ራሷም ሌላ ነኝ አላለችም። ፍናፍንት የሚባለው ደግሞ ስለ አካል ነው፤ ሲወለድ አካሉ ከወንድ ወይም ከሴት በአንዱ ብቻ በግልጽ የማይመደብ ሰው ነው፣ ዛሬ ኢንተርሴክስ የሚባለው። የእኛው ቃል ስድብ ሆኗልና ባንጠራበት ይሻላል። ትራንስጀንደር ከሁለቱም ይለያል። ሲወለድ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» የተባለ፣ እሱ ግን ራሱን እንደዚያ የማያውቅ ሰው ማለት ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ጾታና ሥርዓተ ጾታ እያሉ ሁለቱን ከለዩ ቆይተዋል፤ አካሉ አንድ ነገር ነው፣ ማኅበረሰቡ በዚያ ላይ የጫነው ሌላ። በየሥልጠናው ይነገራል፣ አበል ይፈረማል፣ ማንም ግን ቤቱ ይዞት አይገባም።

ማንን እንደሚወዱ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ጥያቄ ነው። አጎቴ ነገሩን እንደሰሙ የሮጡት ወደ ወንጀል ሕጉ ነበር፣ ወደ አንቀጽ 629። አንቀጹ የሚናገረው በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል ስለሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊት ነው፤ ሰው ራሱን ማን ብሎ ስለ መጥራቱ የሚለው የለም። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ እዚህ ብትመጣ ምንም አትሆንም ትለኛለህ?» አሉኝ። አልልም። ሕጉ ዝም ያለበትን ሰፈሩ ይናገራል፣ ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

«በሽታ ነው፣ ጠበል ትግባ» ያሉም ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ ከአእምሮ ሕመሞች ጋር ነበር የሚመድበው። በ2019 ጸድቆ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ ግን ከዚያ ምዕራፍ አውጥቶ ከወሲባዊ ጤና ጉዳዮች ጋር አኖረው። ጨርሶ ያልሰረዘው ሕክምና የሚፈልጉ ሰዎች አገልግሎቱን እንዳያጡ ነው። ሁሉም አይፈልጉም፤ ሆርሞን የሚወስድ አለ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ አለ፣ አንዱንም የማያደርግ አለ። የአክስቴ ልጅ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም፣ አልጠየቅኋትምም። ዘመዱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው! የጎረቤቱን ልጅ ከልብሷ በታች ምን አለ ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ የእሷ ነገር ሲነሣ ነውሩ ይጠፋበታል።

«የፈረንጅ ነው» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ሕንድ ውስጥ ሂጅራ የሚባሉት፣ ብዙዎቹ ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች፣ ፈረንጅ እግሩን ሳያስገባ የነበሩ ናቸው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 እንደ ሦስተኛ ጾታ እንዲታወቁ ወስኗል። ፈረንጆቹ ራሳቸው ቢሆኑ ነገሩን በእልልታ አልተቀበሉትም። ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለ ሐኪም በ1919 በርሊን ውስጥ ትራንስጀንደር ሰዎችንም የሚያክምና የሚያጠና ተቋም ከፍቶ ነበር፤ በ1933 ናዚዎች ዘረፉት፣ መጻሕፍቱን አደባባይ አውጥተው አቃጠሉ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ከሁሉ ቀድሞ የቀለላቸው ስሟ ነው። ከስሞቻችን ብዙዎቹ ግስ ናቸው፤ አበበ ካለ አበበች አለ፣ ታደለ ካለ ታደለች። የእሷም እንደዚያ ነበር። ሌላው አዲስ ስም ሲያወጣና ሲያወርድ ይከርማል፤ እሷ አባቷ ባወጣላት ላይ «ች» ጨመረችና ጨረሰች። አክስቴ ይህን ሲሰሙ «አባቷ ያወጣላትን አልጣለችም» አሉ። «አባቷ» ማለታቸውን እሳቸው አላስተዋሉም፤ እኔም አላስታወስኋቸውም።

«አንቺ»ን ግን በሌላ በኩል ነው ያገኟት። እናቶቻችን ትንሽ ወንድ ልጅ ሲያቆላምጡ «ነይ የኔ እናት፣ ጉረሺ» ይላሉ፣ ሴቷን ደግሞ «ና የኔ ጌታ»። ማንም ደንገጥ አይልም። ልጁ ሲያድግ ግን ያቺው «አንቺ» ስድብ ትሆንበታለች፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድን ጎልማሳ «አንቺ» ብሎ የጠራ ዱላ ያስነሣል። ሴትን «እሷ እኮ ወንድ ናት» ማለት ግን እስከ እርጅና ሙገሳ ነው። ይህ አድልዎ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። አክስቴ ታዲያ ያንን የሕፃን ቋንቋ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አንድ ቀን በስልኩ «በልተሻል የኔ እናት?» አሉ፣ ድምፃቸውን እንደ ድሮው አቅጥነው።

ልጅቱ አልተታለለችም። «ሴት ልጇን እያናገረች አይደለም፤ ሕፃን ወንድ ልጇን እያቆላመጠች ነው» አለችኝ በኋላ። ከፍቶሽ ነው? አልኋት። «ትንሽ። ግን ጆሮዬ ልዩነቱን አያውቅም፣ ትቀጥል» አለች። እኔም በእሷ ፍርድ እስማማለሁ። አክስቴ በዚህ ዕድሜያቸው እጃቸው ላይ ባለው ቃል ጀመሩ፤ በሌላ በምን ይጀምሩ? አሁን አሁን «የኔ እናት»ም እየቀረች «ሽ» ብቻዋን መጥታለች። አንዳንዴ መሐል ላይ «ህ» ሾልካ ስትወጣ አክስቴ ይደናገጣሉ፣ ይቅርታ ያበዛሉ፣ ያለቅሳሉ። ልጅቱን የሚያደክማት ስሕተቱ ሳይሆን ይሄ ለቅሶ ነው፤ «አርማ እንድታልፍ ንገርልኝ፣ እኔ ነኝ አጽናኝ የምሆነው» ትለኛለች።

ያለፈው ዘመን ገና አልተፈታም። ግድግዳው ላይ የጥምቀት ፎቶ አለ። ከጥምቀተ ባሕሩ አጥር ሥር፣ ነጭ ለብሳ፣ ጧፍ ይዛ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ የአንዱ ክር ተፈቶ። አክስቴ «ያኔ እኮ ወንድ ነበረ፤ ልዋሽ እንዴ?» ይላሉ። ብዙ ትራንስጀንደር ሰዎች ያለፈውም ዘመናቸው በዛሬው ተውላጠ ስም እንዲነገር ይፈልጋሉ፤ እኔም እዚህ «ተሸኘች» ብዬ የጻፍሁት ለዚህ ነው። አክስቴን ግን አላርማቸውም። የድሮ ፎቶውን ማየት የማይችል ሰው አለ፤ እሷ ግን ይውረድ አላለችም። «ጫማው ያምራል» ነው ያለችው።

አሁን የመጣባቸው ደግሞ የእኔ ሠንጠረዥ የማይፈታው ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። እሷ በአርባ ነው የተነሣችው፤ የክርስትና ስሟም በ«ወልደ» ይጀምራል። አክስቴ በጾሙ ለጸሎት ስም ሲሰጡ ያንን ነው የሚሰጡት፣ «እግዜር የሚያውቃት በዚያ ነው» ብለው። ልጅቱም «እሱ የእሷና የእግዚአብሔር ነው» ብላ ትታላቸዋለች። ትናንት ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወለተ ብዬ ብሰጥ ጸሎቱ አይደርስም እንዴ?» አሉኝ።

ይህንስ የነፍስ አባትዎን ቢጠይቁ ይሻላል አልኋቸው።

«አብደሃል? እሳቸውን!» አሉ። ቡናው ላይ ግን ደግመው ጠየቁኝ።