እርሳስ የሌለው "ሊድ"፦ የሰባት ወር ልምዴ

ትናንት ማታ አንድ የቻርጀር ቦርድ ላይ 12 ነጥብ በየድኩ። አንዱም አልተነቀለም። ደስ ብሎኝ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ደሴ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ሬዲዮና ቻርጀር መጠገን ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው። መልቲሜትሩ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሊዱ፣ አቅልጠን የምንበይድበት ሽቦ ነው።

ሱቅ ገብተን "ሊድ ስጠኝ" እንላለን። ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ እርሳስ፣ መርዛማው ማዕድን ማለት ነው። ጥቅልሉ ላይ 60/40 ካለ 40 በመቶው እርሳስ ነው። ልብ ያስባለኝ አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው። ጣሪያ ባለው መለማመጃ ውስጥ ኢላማ ይተኩሳል። ተራው ጥይት ከመለኮሻው ኬሚካልም፣ ከኋላ ካልተሸፈነው እርሳሱም ብናኝ ይለቃል። ስለዚህ እሱ መለኮሻው እርሳስ የሌለበትን፣ እርሳሱም ዙሪያውን በመዳብ የተሸፈነውን ይገዛል። ተኩሶ ሲወጣ እጁን ሳይታጠብ ውሃ እንኳ አይጠጣም። "አንተስ በየትኛው እጅህ ነው እንጀራ የምትቆርሰው?" አለኝ። ዝም አልኩ። የ3 ዓመት ልጄ እግሬ ሥር ነው የምትጫወተው። የሕፃን አእምሮን አይጎዳም የሚባል የእርሳስ መጠን ደግሞ የለም።

እርሳስ የሌለውን ገዛሁ። ፍዳዬን አሳየኝ! 60/40 በ190 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ቆርቆሮና መዳብ ብቻ ያለበት ግን 227 ይፈልጋል። ቦርዱ ላይ ድብልብል ብሎ ይንከባለላል እንጂ አይዝም። ሁለት ሳምንት ሊዱን ስረግም ከረምኩ። ጥፋቱ የመበየጃ ብረቱ ጫፍ ነበር። እንደ መርፌ የሾለው ጫፍ ሙቀት አያደርስም። ጠፍጣፋ ቀየርኩ፣ ፍለክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳውን ቅባት) ቀባሁ፣ መጀመሪያ ቦርዱን አሙቄ ሊዱን ከጎን አስነካሁት። ውልብ ብሎ ገባ። ሲበርድ ደብዘዝ ይላል፣ እንደ ድሮው አያብለጨልጭም። ያልያዘ መስሎኝ ደጋግሜ ሳሞቀው የአንድ ቦርድ የመዳብ መስመር ተላጠ። እናንተ አትንኩት፣ ተዉት።

ብዙ ሰው እርሳሱ በጭሱ ይገባል ይላል። አልስማማም። ጭሱ የፍለክሱ ነው፤ እሱም አስም ያመጣልና የጦሳ ብርድ ቢገባም መስኮቴን እከፍታለሁ። እርሳሱ በዋናነት የሚገባው በእጅና በአፍ ነው። ጠረጴዛችሁን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ እፍ አትበሉት።

አሮጌ ሬዲዮ ሲመጣ ግን አሁንም 60/40 አወጣለሁ። የድሮ ቦርድ ብዙ ሙቀት አይችልም፣ ቀድሞም የተበየደው በእርሳስ ነው። ያን ቀን ልጄ ክፍሉ አትገባም። ጥቅልሉ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ክዳን ባለው የብስኩት ጣሳ ውስጥ ነው።