የሚስቀውና የሚቀረው

ፌዝ ድምፅ አለው፤ መቅረት ድምፅ የለውም። አንድ ሰው በመስቀሉ ላይ ቀልድ ቢሠራ መልስ ሊሰጠው የሚሰለፈው ብዙ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከጉባኤ የጠፋውን ወጣት ግን «ምነው ጠፋህ?» የሚለው አንድ ሰው ላይገኝ ይችላል። ሁለቱን አንድ ችግር አድርገን ማየት ስለለመድን ለሚስቀው ያዘጋጀነውን መልስ ለሚቀረው እንወረውረዋለን፤ ለሚቀረው የሚገባውን ጊዜ ደግሞ ለሚስቀው እናባክነዋለን። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ሁለቱን ለመለየት ነው።

በፌዙ ልጀምር። ክርስቲያን ሲፌዝበት ቶሎ የሚጠቅሰው ማቴዎስ 5፥11ን ነው፦ ሲነቅፏችሁ ብፁዓን ናችሁ። ጥቅሱ ግን ሁለት ማሰሪያ አለው፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም ዘለን ማንበብ እንወዳለን። ነቀፋው «በእኔ ምክንያት» መሆን አለበት፤ ደግሞም «በውሸት» መሆን አለበት። ሰው የሚስቀው የምዕመናንን ገንዘብ በበላ ሰባኪ፣ ቀኑ ደርሶ ባልተፈጸመ ትንቢት ወይም በተሸፈነ በደል ከሆነ በዚያ ሳቅ ውስጥ ብፅዕና የለም። የቀረበብን ክስ ነው። ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ (4፥15) ከእናንተ ማንም ነፍሰ ገዳይ ወይም ሌባ ሆኖ መከራ አይቀበል ካለ በኋላ፣ በሰው ጉዳይ ገብቶ የሚፈተፍተውን እዚያው መስመር ላይ ያስቀምጠዋል። ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ ወንበር!

ስለዚህ መልስ ከመፈለግ በፊት መጠየቅ ያለበት «ያለው ነገር እውነት ነው ወይ?» የሚለው ነው። እውነት ከሆነ ጥፋቱን ማመን፣ በአጭሩም ማመን። «አዎ፣ ይህ ተደርጓል፤ ስህተት ነው» በቂ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ቀጥሎ በሚመጣው «ግን» ላይ ነው። «ግን ሌሎችም ያደርጉታል»፣ «ግን እናንተስ?» የተባለ እንደሆነ ከፊት ያለው ይቅርታ ሁሉ ይሰረዛል፤ ሰሚው የሚይዘው መጨረሻ የሰማውን ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የቃል ነው። ፌዝና ስደት አንድ አይደሉም። በእምነቱ ምክንያት የሚታሰር፣ ቤቱ የሚቃጠል፣ የሚገደል ክርስቲያን ባለበት ዓለም የመሥሪያ ቤት ቀልድን «ስደት» ብሎ መጥራት ቃሉን ያረክሰዋል። ፌዝ ያማል፣ ያሳፍራልም፤ ሆኖም በልኩ ሲጠራ ነው በልኩ የሚመለሰው።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1857 በሮም የፓላቲን ኮረብታ ላይ በአንድ ሕንፃ ግድግዳ የተጫረ ሥዕል ተገኘ። በመስቀል ላይ የተሰቀለው ሰው የአህያ ራስ አለው፤ ከሥሩ አንድ ሰው እጁን ወደ እርሱ አንስቷል። ጽሑፉ በግሪክኛ «አሌክሳሜኖስ አምላኩን ያመልካል» ይላል። ብዙዎች እ.ኤ.አ. 200 አካባቢ የተሠራ ነው ብለው ይገምታሉ። ክርስቲያኖች የአህያ ራስ ያመልካሉ የሚለው ወሬ በዚያ ዘመን የታወቀ ስለነበር ጠርጡልያኖስ የተባለው ክርስቲያን ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ197 አካባቢ በጻፈው የእምነት መከላከያ መጽሐፍ ውስጥ መልስ ሰጥቶበታል። አሌክሳሜኖስ ማን እንደነበረ፣ ለዘባቹ ምን እንዳለው የነገረን የለም። ከሥዕሉ የሚታየው እጁ እንደተነሳ መሆኑ ብቻ ነው።

ከጥንቶቹ መልስ ሰጪዎች ሁሉ ልብ የምለው የጥንቱን የክርስትና መምህር ኦሪጀንን ነው። ኬልሶስ የሚባል ፈላስፋ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ክርስትናን የሚያንኳስስ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ እምነቱ የባሪያዎች፣ የሴቶችና የልጆች ነው እያለ ይዘባበታል። ኦሪጀን ስምንት መጻሕፍት ያሉት መልስ የጻፈው ሰውየው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. 248 አካባቢ ነው። የኬልሶስ ሥራ ዛሬ የለም። እናውቀዋለን የምንለው ኦሪጀን ከመመለሱ በፊት የተቃዋሚውን ቃል እየጠቀሰ ስላስቀመጠው ብቻ ነው። የዘባቹን ቃል ለእኛ ያቆየልን መልስ ሰጪው ነው ማለት ነው። ዛሬ ስንቶቻችን ነን የተቃዋሚያችንን ቃል ሳናጣምም የምንደግም? በመግቢያው ላይ ደግሞ ክርስቶስ በሐሰት ምስክሮች ፊት ዝም እንዳለ ያነሳል፤ ለመጻፍም አልቸኮለም። የጻፈው ለኬልሶስ ብሎ አይደለም፣ ያ ፌዝ ሊያናውጠው ለሚችል ደካማ አንባቢ ነው።

በአደባባይ ለሚሰነዘር ፌዝ የምንመልሰውም ለዚያ ሰው ነው፤ ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ለሚያየው። ዘባቹ በአንድ መልስ ሲለወጥ ብዙም አይታይም። ዳር ያለው ግን የክርክሩን ነጥብ ቢረሳ እንኳ ማን ተቆጣ፣ ማን ተረጋጋ የሚለውን ይዞ ይሄዳል።

መቼ ይመለስ፣ መቼ ይታለፍ? ምሳሌ 26 ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 መልስለት ይላል። ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው፦ አንደኛው እርሱን እንዳትመስል፣ ሁለተኛው ለራሱ ጠቢብ እንዳይመስለው። ክርስቶስም ተአምር ለማየት ለጓጓው ለሄሮድስ ምንም አልመለሰም (ሉቃስ 23፥8-9)፤ በጥፊ ለመታው ሎሌ ግን «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው (ዮሐንስ 18፥23)። ሄሮድስ የፈለገው ትርኢት ነበር፤ የሎሌው ጥፊ ግን የፍርድ ጥያቄ ነበረበት። መለያው ይህ ይመስለኛል፦ በፌዙ ውስጥ ጥያቄ አለ ወይስ የለም? ጥያቄ ካለ ፌዙ ይታለፍና ጥያቄው ይመለስ። ከሌለ ዝም ማለት መሸነፍ አይደለም።

በተግባር ደግሞ እንዲህ ነው። በጽሑፍ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ የተጻፈ ደግሞ ስክሪንሾት ይሆናል። አሥር ነገር ቢባልም ለአንዱ ብቻ ይመለስ፤ ለሁሉም የመለሰ ሰው አንዱም አይነበብለትም። መጀመሪያ የእርሱን ሐሳብ በራስ ቃል መድገም፣ «ያልከው ይህን ነው?» ብሎ ማረጋገጥ። የማያውቁትን «አላውቀውም፣ አይቼ እመለሳለሁ» ማለት፣ ከዚያም በእርግጥ መመለስ። ሁለት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ ወደ ግል ንግግር መጋበዝ፤ እምቢ ካለ መተው። ሦስተኛው ዙር ላይ የሚቀጥለው ክርክር በአብዛኛው ስለ ክብር ነው። «እጸልይልሃለሁ» የሚለውም በጥፊ ቃና ሊነገር ይችላል። መጸለይ ከሆነ ሳይነግሩትም ይጸለያል።

ሰው በተሰበሰበበት ፊት ለፊት ሲሆን ስብከት መጀመር አያስፈልግም፤ አብሮ መሳቅም አያስፈልግም። በበዓለ ሃምሳ ቀን አንዳንዶች ደቀ መዛሙርቱን ሰክረዋል ብለው ሲያፌዙ ጴጥሮስ የመለሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከቀኑ ገና ሦስት ሰዓት ነው ብሎ (በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ማስረዳት እንኳ አያሻውም) ወደ ዋናው ነገር አለፈ። «እኔ በዚህ አምናለሁ፤ ከፈለግህ በኋላ እናወራለን» ማለትና ሥራን መቀጠል ከረጅም ክርክር ይልቅ የሚከብድ ጉልበት ይጠይቃል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ለፌዝ መልስ ስንቸኩል የሐሰት ታሪክ እናሰራጫለን። ወጣቱ አንስታይን ከሓዲ ፕሮፌሰሩን በክርክር ረታ የሚባለው ተረት ነው። የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊን በሞት አልጋው ላይ ንስሐ ገባ የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ አንድ ጋዜጣ አትሞት ነበር፤ ሲሞት አጠገቡ የነበረች ሴት ልጁ በ1922 ሐሰት ነው ብላ ጻፈች። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ፀሐይ የቆመችበትን የኢያሱን «የጠፋ ቀን» በኮምፒውተር አገኘ የሚባለውም መሠረት የለውም። እነዚህ ታሪኮች ዘባቹን አያሳምኑትም፤ አንድ ፍለጋ በቂው ነው። ጉዳታቸው በቤት ውስጥ ባለው ልጅ ላይ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አንዱ ሐሰት መሆኑን ሲያገኝ ቀጥሎ የሚመጣበት ጥያቄ «ሌላውስ?» ነው፤ ያንንም ጥያቄ ለነገረው ሰው መልሶ አያመጣም። ስለዚህ «ይህን ለሌሎች አስተላልፉ» የሚል መልእክት ሲመጣ ምንጩን ሳያዩ አለማስተላለፍ ትንሽ የማይመስል የእምነት ጥበቃ ነው።

ከፌዙ ወደ መቅረቱ ስንሻገር ደግሞ ቁጥሩን ማየት የሚፈልግ አለ። በእንግሊዝና በዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው እ.ኤ.አ. በ2001 71.7 በመቶ፣ በ2011 59.3፣ በ2021 ደግሞ 46.2 በመቶ ነበር። ቆጠራው የሚለካው ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ነው፤ ከቁልቁለቱ ከፊሉ ድሮም በስም ብቻ የነበረው ስሙንም መተዉ ሊሆን ይችላል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በዓለም ደረጃ ባወጣው ግምት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 የክርስቲያኖች ብዛት ወደ 2.3 ቢሊዮን አድጎ ድርሻቸው ግን ከ30.6 ወደ 28.8 በመቶ ወርዷል። በቁጥሩ ከመደንገጥም ከመጽናናትም ይልቅ ከጎን ያለውን አንድ ሰው ማየት ይሻላል።

ያ ሰው «ማመን እያቃተኝ ነው» ሲል ንግግሩ የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው በመጀመሪያው መልስ ነው። ቶሎ ጥቅስ ከተጠቀሰለት፣ «ሰይጣን ነው» ከተባለ፣ በዚያው ሳምንት ካህን ወይም ፓስተር ፊት ከተጎተተ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስሙ የጸሎት ርዕስ ሆኖ በጉባኤ ከተጠራ ሁለተኛ አይናገርም። መቀመጫው ላይ ሊቀጥል ይችላል፤ አፉ ግን ይዘጋል። የይሁዳ መልእክት (ቁጥር 22) ለሚጠራጠሩት ያዘዘው ምሕረት ነው። መጀመሪያ የሚጠቅሙት ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው፦ «ከመቼ ጀምሮ?»፣ «ከምን ተነሳ?»፣ «ለማን ነግረሃል?» ከዚያ ማድመጥ።

ሲደመጥ ምክንያቱ ይለያል። አንዱ የእውቀት ጥያቄ ያለው ነው፤ ስለ መከራ፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አጻጻፍ። ለእርሱ ጥያቄውን የማይፈራ ሰውና አብሮ የሚነበብ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ «በእምነት ተቀበል» ማለት በሩን መዝጋት ነው። ሌላው በሰው የቆሰለ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የተዋረደ፣ የተበደለ፣ በሐዘኑ ጊዜ ማንም ያልጠየቀው። ለዚህ ስለ እግዚአብሔር መኖር ማስረጃ ማቅረብ እግሩ ለተሰበረ መነጽር መስጠት ነው። የበደሉ ስም ይጠራ፤ የበደለ ካለ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ወንጀል ከሆነ ጉዳዩ ለሕግ ይቅረብ። ሦስተኛው ደግሞ ምንም ጥያቄ የለውም፣ ምንም አልሆነም፤ ሥራ ሲበዛ አንድ ሳምንት ቀረ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ለመመለስ አፈረ። የዚህኛው መድኃኒት ቀላል ነው፣ ጊዜው ካላለፈ። በሁለተኛው ሳምንት የሚደረግ ስልክ «እንዴት ሰነበትክ?» ይባላል፤ በስድስተኛው ወር ሲሆን «የት ጠፍተህ ነው?» ይሆንና እንደ ክስ ይሰማል። አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም ነው ብዙውን የሚያበላሸው።

ቶማስ «አላምንም» ካለ በኋላ ወንጌሉ ስምንት ቀን ያሳልፋል። በእነዚያ ቀናት ስለተደረገ ክርክር ምንም አልተጻፈም። ጌታን ያዩት አሥሩና ያላመነው አንዱ ምን እንደተባባሉም አናውቅም። የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ ደቀ መዛሙርቱ ደግመው በውስጥ ነበሩ፥ ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ።