የዳክላ ጉድጓድ ውሃ

ከአንዱ የበረሃ ለምለም ስፍራ ወደ ሌላው፣ ከካርጋ ወደ ዳክላ የሚወስደውን 190 ኪሎ ሜትር ገደማ የግብፅ ምዕራባዊ በረሃ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከአሸዋና ከድንጋይ በቀር እምብዛም ሳናይ ስንጓዝ ቆይተን፣ ድንገት የተምር ዛፎችና አረንጓዴ ማሳዎች ብቅ አሉ። ሙት ከተባለችው ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ጥልቅ ጉድጓድ በወፍራም ቱቦ የሚወርደው ውሃ ጥርት ያለና ለእጅ ሞቅ የሚል ሲሆን፣ የሚፈስበት የሲሚንቶ ቦይ ግን በዝገት ቀልቷል። በእፍኜ ቀድቼ ስጎነጨው የብረት ጣዕሙ ምላሴ ላይ ቀረ።

ያደግኩት ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ነውና፣ ይህ ውሃ ከዓባይ በአሸዋው ሥር ሰርጎ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከጠፈር የሚመጣው የኮስሚክ ጨረር ሰማይ ላይ ክሪፕተን-81 የተባለውን ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ፣ ማለትም በጊዜ ብዛት እየፈረሰ የሚጠፋ የክሪፕተን ጋዝ ዓይነት፣ ይፈጥራል፤ በዝናብ ውስጥ ሟሙቶ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ውሃው ወደ አሸዋ ድንጋዩ ሰርጎ ከአየር ከተለየ በኋላ ግን አዲስ ስለማይጨመርበት፣ ያለው በየ229 ሺህ ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቀረው መጠን ውሃው ከመሬት በታች ስንት ዘመን እንደቆየ ይናገራል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ብቻ በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ውሃ አይደርስም። ከአንድ ትሪሊዮን የክሪፕተን አቶሞች መካከል ክሪፕተን-81 የሚሆነው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህም በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ውጤታቸውን ያሳተሙት ተመራማሪዎች በዚህ በረሃ በቶን ከሚቆጠር ውሃ ጋዙን እዚያው ለይተው፣ አሜሪካ በሚገኘው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ አቶሞቹን በሌዘር እያጠመዱ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። የጉድጓዶቹ ውሃ ዕድሜ ከ200 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቁጥር ቀድሞም አንብቤው ነበር፤ እጄ ከረጠበ በኋላ ግን ሌላ ክብደት አገኘ።

የማሳው ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ በሾፌራችን አስተርጓሚነት፣ «ልጄ፣ በአባቴ ጊዜ ውሃው ራሱ ገንፍሎ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ሞተር ካልሳበው አይመጣም» አሉኝ። እኛ አገር ክረምት ሲገባ ጉድጓድ መልሶ ይሞላል። እዚህ የሚሞላው ዝናብ የለም፤ የዘነበው በሌላ ዘመን፣ ሰሃራ እርጥብ በነበረበት ጊዜ ነው። ዕድሜውን ስነግራቸው ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቱቦውን ተመለከቱ፤ ከዚያም የአልፋልፋው መደብ ጠጥቶ እንደሆነ ሄደው በእግራቸው አፈሩን ጫን ጫን አድርገው አዩና፣ ልጃቸውን ሞተሩን እንዲያጠፋ አዘዙት።