ሁሉንም ፈሳሽ «ግሉኮስ» ስንል

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የሚሰጠውን መድኃኒት ይዤ ከአልጋ ወደ አልጋ እዘዋወር ነበር። የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል፤ ጥፋቱን ግን በብርዱ አላሳብብም።

ሕመምተኛው ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የኩታበር ገበሬ ነበር። የታዘዘለት ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ እና ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚጨመረው ሴፍትሪያክሶን ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ቢገድልም ያለ ኦክስጅን የሚኖሩትን የአንጀት ባክቴሪያዎች በበቂ ሁኔታ ስለማይሸፍን ነው። ቀደም ሲል በውስጥ ደዌ ክፍል ይህንኑ መድኃኒት ለማጅራት ገትር 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ እንዲሁም ለከባድ የሳንባ ምችና ለታይፎይድ ስሰጥ ስለኖርሁ፣ እጄ ብልቃጡን ሲያነሳ ዓይኔ ጽሑፉን ማንበብ ትቶ ነበር።

ዱቄቱን በጥብጬ፣ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ሳልዘጋ በቱቦው መድኃኒት መስጫ በኩል መግፋት ስጀምር፣ ጥርት ያለው ቱቦ እንደ ወተት ነጣ። ወዲያው መቆጣጠሪያውን ዘግቼ ቱቦውን ነቀልሁ፤ በደም ሥሩ የገባችውን ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላውንም፣ አውጥቼ በሌላው ክንዱ አዲስ አስገባሁና ተረኛውን ሐኪም ጠራሁ። እስኪነጋ ድረስ ትንፋሹንና የደም ግፊቱን ደጋግመን ስንለካ አደርን፤ አንዳች ችግር አልታየበትም። መድኃኒቱም በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) ተበጥብጦ እንደገና ተሰጠው።

የተሰቀለው ሪንገር ላክቴት የሚባለው፣ የተለያዩ ጨዎች ያሉበት ፈሳሽ ነበር። በአንድ ሊትሩ ውስጥ 0.2 ግራም ያህል ካልሲየም ክሎራይድ አለው፤ ሴፍትሪያክሶን ደግሞ ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ይህ ዝቃጭ በሳንባና በኩላሊት ተገኝቶ ሞት ስለተመዘገበ፣ ዕድሜያቸው እስከ 28 ቀን ለሆኑት ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር እየተሰጣቸው ሴፍትሪያክሶን መስጠት፣ በተለያየ ቱቦም ቢሆን፣ ክልክል ነው። ለአዋቂ ግን ፈሳሹን አቁሞ ቱቦውን በኖርማል ሳላይን በሚገባ ካጠቡ በኋላ አንዱን ከሌላው አስከትሎ መስጠት ይቻላል። ያሳፈረኝ፣ ይህን ሁሉ ተምሬ ለፈተና ጽፌው የነበረ መሆኑ ነው። በጡንቻ ሲወጋ ሕመም ለመቀነስ በማደንዘዣው በሊዶኬይን የተበጠበጠው ብልቃጥ ወደ ደም ሥር ፈጽሞ እንደማይገባ ረስቼ አላውቅም፤ ሊዶኬይኑን የምቀዳው እኔው ራሴ ነኝና። ሪንገሩን ግን የሰቀለው ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ክፍል ባልደረባ ነበር። ተረኛዋም ስታስረክበኝ «ግሉኮሱ እየሄደለት ነው» ስላለችኝ፣ ካልሲየም የሌለው የስኳር ፈሳሽ መስሎኝ ቀና ብዬ ከረጢቱን አላየሁም። አስታማሚው ብቻ ሳይሆን እኛም ባለሙያዎቹ የተሰቀለውን ሁሉ ግሉኮስ ማለት ለምደናል።

ጠዋት ገጠመኙን በክፍሉ መዝገብ ጽፌ ስወጣ፣ የሕመምተኛው ታናሽ ወንድም በር ላይ ጠበቀኝ። ፈሳሹን ከውጭ ፋርማሲ በራሱ ገንዘብ ገዝቶት ኖሮ፣ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ ሳያልቅ ለምን ተጣለ?» አለኝ። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «አብሽሪ፣ እሱ ደህና ነው። ግን ግሉኮስ ካልሆነ ስሙ ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ተመልሼ ከረጢቱን አመጣሁና ጽሑፉን አነበብሁለት።