ቫራናሲን በእግሬ

የሰሜን ሕንዷ ከተማ ቫራናሲ ከመድረሴ በፊት አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ከጋንጀስ ወንዝ ዳር ካልሆነ አላርፍም። የአሮጌው ከተማ መተላለፊያዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ መኪና አይገባባቸውም። ባጃጁ አውራ ጎዳናው ላይ አውርዶኝ ሲመለስ፣ የቀረውን ከላምና ከሞተር ብስክሌት ጋር እየተጋፋሁ በእግሬ ጨረስኩት። እዚህ ሻንጣ ከሚጎትት መንገደኛ ይልቅ በጀርባው ያዘለው ይቀናዋል።

ጋንጀስ ቫራናሲ ላይ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። ከተማዋ በምዕራቡ ዳርቻ ስለተሠራች፣ ጋት የሚባሉት ከ80 የሚበልጡ የድንጋይ ደረጃዎች ፊታቸው ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ማዶው ቤት የሌለበት አሸዋ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ በደቡብ ካለው አሲ ጋት ተነስቶ ወንዙን ይዞ መሄድን የሚያህል የለም። ምዕመኑ ይጠመቃል፣ ልብስ አጣቢው ጨርቁን ከድንጋይ ጋር ያላትማል፣ ነጋዴው ባዶ ጄሪካን ይሸጣል፤ ሰው እንደ እኛ ጸበል ውሃውን ቀድቶ ወደ አገሩ ይወስዳልና።

አስከሬን የሚቃጠልበት ማኒካርኒካ ጋት ስደርስ ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እሳቱ ሌት ተቀን አይጠፋም። ሂንዱዎች በዚህች ከተማ የሞተ ሰው ዳግም ከመወለድ ዑደት ነፃ ይወጣል ብለው ያምናሉ። አስከሬኑ በቀርከሃ ቃሬዛ መጥቶ ወንዙ ውስጥ ይነከርና ማገዶው ላይ ይጋደማል። የእኔ ዓይን የቀረው ሚዛኑ ላይ ነው። ከሰው ቁመት በላይ ከተከመረው ግንድ ሥር ትልቅ የብረት ሚዛን ቆሟል፤ እንጨቱ በኪሎ ይሸጣል። ራሱን የተላጨ፣ ነጭ ያገለደመ ልጅ የአባቱን ማገዶ ዋጋ ይከራከራል። ከቃሬዛው የወደቀውን የአበባ ጉንጉን ፍየል ትበላለች፤ የሚያባርራት የለም።

እዚያ የቆመን የውጭ አገር ሰው ለድሃ ሟቾች ማገዶ መግዣ እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ይከቡታል። ገንዘቡ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ስለሌለ አልሰጠሁም። አንድ ጊዜ እምቢ ብሎ መራመድ ይበቃል፤ ክርክር ከተጀመረ ግን አያልቅም።

ማታ በዳሻሽዋሜድ ጋት የሚደረገውን የመብራት ሥርዓት ያየሁት ከጀልባ ነው። ካህናቱ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ወንዙ ስለሆነ፣ ደረጃው ላይ የተቀመጠ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ጀርባቸውን ነው። የጀልባውን ዋጋና የሚቆይበትን ሰዓት ግን ሳልሳፈር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። በ1780 የኢንዶር ንግሥት አሂሊያባይ ሆልካር ያሠራችው የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ፣ ካሺ ቪሽዋናት፣ ስልክ አያስገባም፤ ስልኬን ማረፊያዬ ትቼ ፓስፖርቴን ብቻ ያዝኩ።

በክረምቱ ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙ ሞልቶ ደረጃዎቹን ይውጣል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ጉሙ ባቡሩን ያዘገያል። ኅዳርን ወይም የካቲትን የመረጠ ሁለቱንም ያመልጣል።

ግርግሩ ሲሰለቸኝ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሳርናት ሄድኩ። ቡድሃ የመጀመሪያ ስብከቱን ያሰማባት ስፍራ ናት። የሕንድ አርማ የሆነው የንጉሥ አሾካ የአንበሶች ሐውልት የሚገኘው በሙዚየሟ ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ዓርብ ዝግ ስለሆነ ጉዞውን በሌላ ቀን ማድረግ ይሻላል።